አርብ ቀን ያስቀመስኩት ደም

እኔ ረቡዕና አርብን ገድፌ አላውቅም። ይህን በመጀመሪያ የምነግራችሁ ልመጻደቅ ፈልጌ ሳይሆን፣ የሚያሳፍረኝ ጉዳይ የሚነሳው ከዚሁ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ እያለሁም ሆነ ካምፓላ ከገባሁ ወዲህ፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አፌ አይገባም። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ሴቶች "ሒሩት እኮ በጾም ቀልድ አታውቅም" ሲሉ አንገቴን ደፋ አድርጌ እሰማለሁ። ሆዴ ግን በደስታ ይሞላ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ነበርኩ እንግዲህ።

ነገሩ ሲሆን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ናሙዎንጎ በሚባል የካምፓላ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቼ በአንዱ እተኛለሁ፣ በሌላው ከዘሐራ ጋር ኬክና ጣፋጭ እየሠራን ለካፌና ለልደት እናስረክባለን። ዘሐራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። የምትኖረው ኪሰንዪ ነው፣ የወሎና የጅማ ሙስሊሞች በብዛት በተከራዩበት ግቢ። ጠዋት ከእኔ ጋር ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳምቡሳና ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ጠብሳ ለጎረቤቶቿ ትሸጣለች። የተዋወቅነው አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሳህን ስናጥብ ነው። ባለቤቱ ሲጮህብን እሷ በለሆሳስ እየመለሰችለት በሳቅ ትገድለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም።

አብረን ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ሥጋ ነው። አገራችን የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ ተብሎ ሰው ገበታ እንደሚለይ ታውቃላችሁ። መላውን ያመጣችው ዘሐራ ናት። "ሥጋም፣ ሞራም፣ ከአጥንት የወጣ ነገርም እዚህ ቤት አይግባ። ያኔ እኔም ከእጅሽ እበላለሁ፣ አንቺም ከእጄ ትበያለሽ" አለች። እጅ ለእጅ ተመታተን ተስማማን። ጄሊ ለማርጋት እንኳ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣውን ጄላቲን ትተን፣ አጋር የሚባለውን ከባሕር ቅጠል የሚሠራ ዱቄት ከህንዶች ሱቅ እንገዛ ነበር።

ሌላም ደንብ ነበረን። ረቡዕና አርብ ቀማሿ ዘሐራ ናት፤ እኔ ጾመኛ ነኛ! ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቀማሿ እኔ። እሷ ማንኪያውን ታቀብለኝና "በይ ምላሴ፣ ምን ጎደለው?" ትለኛለች። እኔም አርብ አርብ "በይ ምላሴ" እላታለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ካምፓላ ውስጥ ዘሐራ ሳትጠይቅ የምትበላው ከሁለት ሰው እጅ ብቻ ነበር፣ ከራሷና ከእኔ።

ጥቅምት ላይ ሙንዮንዮ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል፣ ማዳም ሪታ የምትባል የግብዣ ኃላፊ ደወለችልኝ።

"ደም እፈልጋለሁ" አለችኝ ሰላምታውን እንደጨረስን።

"ምን?"

"የሚበላ ደም። ለሃሎዊን።"

ሃሎዊን ማለት ፈረንጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው፣ ሙትና ጠንቋይ መስለው የሚጫወቱበት በዓል ነው። ካምፓላም ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ለምደውታል። ማዳም ሪታ የፈለገችው ደም የሚንጠባጠብባቸው ትንንሽ ኬኮች፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የሚረጭ ደም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብርጭቆ ውስጥ የረጋ ደም የሚመስል ሁለት መቶ ጄሊ ነው። ሥራው ከተወደደ ከዚያ በኋላ የሆቴሉ የቅዳሜ ጣፋጭ ሁሉ በእኛ እንደሚሆን ነገረችኝ። ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ።

ዘሐራ ስነግራት እጇን በአፏ ጫነች። "አላህ ይቅር ይበለን! ደም እኮ ለአንቺም ለእኔም ክልክል ነው።"

"የውሸት ነው እኮ፣ አንቺ!"

"እሱስ ነው" ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ ብሳ እሷ ገባችበት። ግሉኮስ የሚባለውን ወፍራም ሽሮፕ ከቀይ የምግብ ቀለም ጋር ሳዋህደው አየችና "ይሄማ ካቻፕ ነው። ዶሮ ሲታረድ አላየሽም?" አለችኝ። ትንሽ ካካዎ ነሰነሰችበት፣ ጠቆረ። እኔ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም አከልኩበት። ማንኪያውን ከፍ ስናደርገው እየተጎተተ ወረደ። ሁለታችንም አየነውና ዘገነነን፤ ወዲያው በሳቅ ሞትን።

ያስቸገረን የረጋው ነው። አጋር ይረጋል፣ ግን ደርቆ ነው የሚረጋው። ረቡዕ ዕለት ናሙና ይዤ ሙንዮንዮ ሄድኩ። ማዳም ሪታ ማንኪያዋን ስትሰድበት ጄሊው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

"ይሄ ሳሙና ነው" አለችኝ። "እኔ የምፈልገው ብርጭቆውን ስነካው የሚንቀጠቀጥ ነው። እስከ አርብ ካልሆነልሽ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው አለኝ።"

"ይሆናል" አልኳት።

ሐሙስ ለዘሐራ ሳልነግራት ከተማ መሃል የኬክ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። የሚንቀጠቀጥ ጄሊ በጄላቲን ካልሆነ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ለራሴ ያልኩት "ሐላል የተባለውን የከብት እገዛና ለዘሐራ አስረዳታለሁ" ነበር። ሻጩ ወጣት ኡጋንዳዊ ነው፣ ትሁት። ሐላሉ አልቆ ሰኞ እንደሚገባ ነገረኝ። ሌላ ካርቶን አወረደና ልስጥሽ አልስጥሽ እያለ እጁ ላይ አገላበጠው።

"ይሄ የአሳማ ነው፣ ኛቦ" አለኝ። ኛቦ ማለት በእነሱ ቋንቋ እመቤት እንደማለት ነው። "ችግር የለውም አይደል?"

እግዜር ያሳያችሁ። የማያውቀኝ ሰው ተጨንቆ ጠየቀኝ። አሳማ ደግሞ ለእኔም ቢሆን የሚቀፍ ነገር ነው፤ በአፌ ዞሮ አያውቅም። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምንም ችግር የለውም" አልኩት።

መንገድ ላይ ራሴን ሳባብል ነበር። የሚበሉት ሌሎች ናቸው፣ እነሱ አሳማ በየመንገዱ እየጠበሱ ይበላሉ፣ ማንን በደልኩ? ዘሐራ ከመድረሷ በፊት ሠርቼ፣ ድስቱን በፈላ ውሃ አጥቤ እጨርሳለሁ። ዘሐራ ደግሞ ማሸጊያ ሳታነብ ዕቃ የማታስገባ ሴት ናት። ስለዚህ ቤት እንደደረስኩ ዱቄቱን አጋሩ ያለቀበት ማሰሮ ውስጥ ገለበጥኩትና ካርቶኑን ወጥቼ ሰፈር ጥግ ያለው ቆሻሻ ላይ ጣልኩት። ሁለቱ ዱቄቶች በዓይን አይለዩም። ያን ሳደርግ ትንሽ እንኳ አላመነታሁም። አሁን ላይ ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው።

አርብ ማለዳ ተነሥቼ ሥራ ጀመርኩ። ዘሐራ የምትመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጄላቲን ለመርጋት ሰዓታት ይፈልጋል፣ የሆቴሉ መኪና የሚመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ ጠዋት ካላለቀ አለቀልኝ። ድስቱ ሞልቶ፣ ቀለሙ አምሮ፣ ላማስለው ስል በሩ ተንኳኳ። ሰዓቱን አየሁ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ዘሐራ ናት። ሁለት ሮሌክስ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች፤ ሮሌክስ ማለት እንቁላል በጫፓቲ የተጠቀለለበት የዚህ አገር ቁርስ ነው።

"ሁለት መቶ ብርጭቆ ብቻሽን ልትሞቺ ነው? ብዬ ነው የመጣሁት" አለችና ሮሌክሱን ስታስቀምጥ ግንባሯን መታች። "ውይ! አርብ ነው ለካ። ያንቺን ለራሴ ምሳ አደርገዋለሁ።"

እሷ ሽርጧን አሠረች፣ እጇን ታጠበች፣ ድስቱ ላይ አጎነበሰች።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

ትኩስ ጄላቲን ትንሽ ይሸታል፣ የጠጉር ቃጠሎ ዓይነት ሽታ። "ቀለሙ ነው። ብዙ ስለሆነ ነው" አልኳት።

"አይ፣ እንዲህ ከሆነ ሎሚ ይፈልጋል" አለችና ማንኪያ አነሣች። ከዚያ ቆም ብላ አየችኝ። "ቆይ፣ አንቺ ቀምሰሽዋል?"

ወገኖቼ፣ ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳትም። በር ተከፍቶልኝ ነበር። "አልቀመስኩትም፣ አንቺም እንዳትቀምሺው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን እንዲህ ካልኩ ድስቱ ይደፋል፣ መኪናው ባዶውን ይመለሳል፣ ማዳም ሪታ ሌላ ሰው ትጠራለች። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የማሰሮውን ነገር ዘሐራ ታውቃለች።

"ዛሬ አርብ አይደል እንዴ? ጾም ነኝ" አልኳት።

"ደግሞ ረሳሁት፣ እኔ ደንቆሮ! አላህ ይቀበልሽ" አለችኝና ማንኪያውን አፏ ከተተች።

ምላሷን ጠቅ ጠቅ አደረገች። "ሎሚ።" ሎሚ ጨመርኩ። ደግማ ቀመሰች። "ትንሽ ጨው፣ ቁንጥር ብቻ።" ጨመርኩ። ሦስተኛውን ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። "ኧረ አንቺ ልጅ! እጅሽ ይባረክ።"

ሦስት ጊዜ ነው። ቆጥሬያለሁ። አንድ ሺህ ምክንያት ቢኖረኝ ለመጀመሪያው ነው የሚሆነኝ፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ምንም የለኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ጄሊው ረግቶ ነበር። ዘሐራ አንዱን ብርጭቆ አንሥታ ነቀነቀችው፣ ተንቀጠቀጠ። እንደ ልጅ አጨበጨበች። "ምን አድርገሽበት ነው?" ስትለኝ "ውሃውን ለውጬ ነው" አልኳት። ሁለት መቶውን በካርቶን አሸግን፤ ወደ ሃያ የሚሆን ተረፈ። እሱን እሷ ከሄደች በኋላ እደፋዋለሁ ብዬ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ከመኪናው ጋር ስለምሄድ።

ሰውነቴ በሳሙና ተለቅልቆ እያለ ከውጭ ድምፅዋን ሰማሁ።

"ሒሩትዬ፣ እኔ ሄድኩ! የተረፈውን ለልጆቹ ወስጄዋለሁ፣ ዛሬ ግቢያችን ዱዓ አለ!"

ፎጣ ጠቅልዬ ስወጣ በሩ ተዘግቷል። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። ደጅ ወጥቼ ስጣራ ቦዳዋ፣ ማለቴ ሞተር ሳይክሉ፣ መታጠፊያው ላይ ሲሰወር አየሁት።

ደወልኩ፣ አታነሣም። ዱዓ ቤት ስትገባ ስልኳን ዝም እንደምታሰኝ አውቃለሁ። ልጆቹ በዓይኔ መጡ። የእሷ ሁለቱ፣ የጎረቤቶቿ፣ ሁሉም ማንኪያ ይዘው። ልብሴን እንዴት እንደለበስኩት አላውቅም። ሾፌሩ ቀድሞ መጥቶ ካርቶኑን ሲጭን "አንተ ሂድ፣ እኔ እከተልሃለሁ" አልኩትና ቦዳ ይዤ ወደ ኪሰንዪ በረርኩ።

በረርኩ ስል አፌ ነው እንጂ ክሎክ ታወር አደባባይ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተቆልፏል። ታክሲው፣ ጭነቱ፣ ሰው። "ጃም ነው ኛቦ፣ ምን ላድርግ?" ይለኛል ቦዳው። "ድንግል ማርያም፣ ልጆቹን ብቻ" እያልኩ እጸልያለሁ። ስለ ዘሐራ ግን አልጸለይኩም፤ ምን ብዬ? የመጨረሻውን መንገድ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ።

ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ ሴቶች ተቀምጠዋል። ልጆቹ ጥግ ይዘው ብርጭቆዎቹን እያዩ ይቁለጨለጫሉ። አንድም አልተነካም። መሃል ላይ ሃጃ ኑሪያ አሉ። የጅማ ሰው ናቸው፣ የግቢው ታላቅ፣ ሁሉም ሴት የሚሰማቸው። ዱዓው ሳያልቅ ማንም እህል አይነካም ብለው ልጆቹን የከለከሉት እሳቸው ናቸው። ዘሐራ ከክርስቲያን ጋር አንድ ጓዳ መሥራቷን እንደማይወዱት ሰምቼ ስለነበር ሁሌ ሳያቸው እሸማቀቃለሁ።

"እንዳትበሉት!" አልኩ ከበሩ ላይ።

ሁሉም ዞር አለ። ዘሐራ ብድግ አለች። "ምነው ሒሩትዬ? ምን ሆንሽ?"

"ተ... ተበላሽቷል።"

ሃጃ ኑሪያ ብርጭቆውን አንሥተው ብርሃን ላይ አዩት። "ምን አለበት ልጄ?"

"ስኳሩ... ቀለሙ ነው። ሆድ ያማል።"

"ዘሐራ፣ ሰማሽ?" አሉ ሃጃ። "እኔ ስለዚያ ጓዳ ስናገር አልነበር?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ደሜ ፊቴ ላይ ወጥቶ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ዘሐራ ያደረገችውን ልንገራችሁ። እኔ በሰው ፊት መዋረዴን ስታይ ከሃጃ እጅ ብርጭቆውን ተቀበለች።

"ሃጃ፣ የሒሩት እጅ ንጹሕ ነው። ደንግጣ ነው እንጂ እኔ ጠዋት ሦስቴ ቀምሼዋለሁ፣ ይኸው ምን ሆንኩ?" አለችና፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ በሁለት ጉርሻ ጨረሰችው። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ እያሳየቻቸው ሳቀች። "አብሽሪ" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። አይዞሽ ማለቷ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኳት።

"ዘሐራ፣ ዱቄቱ አጋር አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ጄላቲን ነው።"

"የከብት?"

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

"ሒሩት፣ የምን?"

"የአሳማ።"

አልጮኸችም። በሩ አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ሄዳ ተንበረከከችና አፏን ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ድረስ ሰድዳ አስመለሰች። ራሷን ልደግፍ እጄን ብዘረጋ በክርኗ ገፋችኝ። ብዙ ቆይታ ተነሣች፣ ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ።

"መቼ አወቅሽ?"

"ትናንት። ሱቁ ውስጥ።"

"ጠዋት ጠይቄሽ ነበር። ጾም ነኝ አልሽኝ።"

"አዎ።"

"አላህ ይቀበልሽ አልኩሽ እኮ!" ድምፅዋ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። "የማላውቀውን አላህ አይጠይቀኝም፤ ስለሱ አልቅሼ አላስቸግርሽም። ግን አንቺ ለራስሽ አፍ ይሄን ያህል ስትጠነቀቂ፣ የእኔ አፍ ምንሽ ነበር?"

 

ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። "በይ ግቢና ለሴቶቹ ንገሪያቸው። ከአንቺ አፍ ይስሙት። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።"

አጠገብሽ እቆማለሁ አለችኝ። ያን ሁሉ አድርጌያት! አንድ እርምጃ ወደ ግቢው ተራመድኩ። የሃጃ ኑሪያ ፊት ታየኝ። ይህኔ ስልኬ ጮኸ፤ ማዳም ሪታ ናት፣ የት ደረስሽ እያለች። እና እኔ፣ በጾም ቀልድ የማላውቀው ሒሩት፣ "ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው፣ ነገ መጥቼ እነግራቸዋለሁ" አልኳት።

ዘሐራ ትንሽ አየችኝ። "ሂጂ" አለችኝ። ከዚያ ብቻዋን ወደ ሰሌኑ ተመለሰች።

ሙንዮንዮ ደረስኩ። ነጩን የጠረጴዛ ልብስ በደም ረጨሁት፣ ኬኮቹን አንጠባጠብኩባቸው። ማዳም ሪታ ብርጭቆውን ነካ አድርጋ ሲንቀጠቀጥላት በደስታ ጮኸች። "ልክ እውነተኛ ደም! እስቲ አንቺም አንዱን ቅመሺ" ብላ ዘረጋችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። "ዛሬ ጾም ነኝ" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ፣ ግን ተጣጥቤ ወጥቼ ሥራዬን ጨረስኩ።

በነጋታው አልሄድኩም። እሑድም አልሄድኩም። ሰኞ ዘሐራ ራሷ መጣች። ድስቶቿንና መጥበሻዋን በማዳበሪያ ከተተች። ይቅርታ ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ፣ አነሣችኝ። "ምን ብለሽ ነገርሻቸው?" አልኳት።

"የአሳማ ነገር ገብቶበታል፣ እንዳትነኩት አልኳቸው።"

"ማን አስገባው አላሉሽም?"

"አላሉኝም" አለችና ማዳበሪያዋን ተሸክማ ወጣች።

እውነቱን ልናገር አይደል የተነሣሁት? ያን ስሰማ እፎይ አልኩ። ስሜ አልተነሣማ! ሴቶቹ ያልጠየቋት ለምን እንደሆነ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልሰጠሁም። ከወራት በኋላ ግን ከእሷ ግቢ የሆነች ልጅ ገበያ ላይ አገኘሁና ስለ ዘሐራ ጠየቅኳት። "ሳምቡሳዋን ማን ይገዛታል ብለሽ? እያወቀች የአሳማ ነገር ለልጆች አምጥታ፣ ኋላ ፈርታ ነው የተናዘዘችው ተባለ። በሁለት ጉርሻ ስትበላው ሁሉም አይቷል" አለችኝ። እኔን ለማዳን የዋጠችው ማለት ነው፣ እሱ ነው ምስክር የሆነባት።

ያን ሰምቼም ወዲያው አልሮጥኩም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ረመዳን ሲገባ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ኪሰንዪ ሄጄ ሃጃ ኑሪያ ፊት ቆምኩ። ሴቶቹን እንዲጠሩልኝ ለመንኳቸው፣ ጠሩልኝ። ከሱቁ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ካርቶኑን፣ ማሰሮውን፣ ጾም ነኝ ያልኩትን፣ ሦስቱን ማንኪያ፣ የሸሸሁትን። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሃጃ ኑሪያ "እኛም አጥፍተናል፣ አልጠየቅናትም" አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ዘሐራ እኮ የለችም" አሉኝ። "ልጆቿን ይዛ ጁባ ሄደች። ሁለት ሳምንት ሆናት።"

ሦስት ሳምንት የፈራሁት እኔ ነኝ፣ የሄደችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ስልኳን ቀይራለች። አዲሱን ሃጃም አያውቁትም።

አሁን የሆቴሉን ሥራ ትቻለሁ፤ ይህን እንደ ጽድቅ እንድትቆጥሩልኝ አይደለም፣ ያን ድስት ማየት ስላቃተኝ ነው። ጾሜን አልተውኩም። ግን ረቡዕና አርብ ሲመጣ ወደ አፌ የሚገባውን ብቻ መጠበቅ የትም እንደማያደርሰኝ ገብቶኛል። እናንተም እንደ እኔ በምትጠነቀቁት ነገር የምትመኩ ካላችሁ፣ በእናንተ አምኖ ሳይጠይቅ የሚበላ ሰው አጠገባችሁ መኖሩን እዩ። እሱን ካልጠበቃችሁት የቀረው ሁሉ ለታይታ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጁባ ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዘሐራ የምትባል የኮምቦልቻ ሴት፣ ረዘም ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሏት፣ ሳምቡሳ ስትሸጥ ካገኛችሁ አንድ መልእክት አድርሱልኝ። ሒሩት ይቅር በዪኝ ትልሻለች አትበሏት፤ ይቅር ማለት ሌላ ሸክም ይሆንባታል። ሒሩት ገብታ ነገረቻቸው በሏት። ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ሃጃ ኑሪያም ሰምተዋል፣ የግቢውም ሴት ሁሉ ሰምቷል በሏት። አንቺ አጠገቧ አልነበርሽም እንጂ ነገረቻቸው በሏት።